አጎቴ እጁን ያወጣ ዕለት

የአጎቴ የፖለቲካ ሕይወት የተጀመረው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ምንም ቢናገር አጎቴ መቀሱን እያንቀጫቀጨ «ልክ ነህ» ይላል። መንግሥትን የሚያማውም ልክ ነው፤ የሚያመሰግነውም ልክ ነው፤ ተራውን እየጠበቀ ሁለቱንም የሚሳደበው ደግሞ ከሁሉም በላይ ልክ ነው። በዚህ ዓይነት የከተማው ወንድ ሁሉ «ይሄ ሰውዬ የኛ ነው» ብሎ አመነ። የምርጫ ምልክቱ ጃንጥላ የሆነው ገዢ ፓርቲ ለክልሉ ምክር ቤት ጠላት የሌለው ዕጩ ሲፈልግ፣ ከአጎቴ ሌላ ማን ይገኛል?

ዕጩው እሱ ይሁን እንጂ ያስመረጠችው እናቴ ናት። ታላቅ እህቱ ናት፣ ያሳደገችውም እሷ ናት። ገበያ ውስጥ ድስትና ባልዲ የምትሸጥበትን ሱቅ ቆልፋ በር ለበር ዞረች። ስለ ወንድሟ የምትለው ሲያልቅባት የተቃዋሚዎቹን የመሰላል ፓርቲ ትሳደባለች። በስድቡ ከአጎቴ ይልቅ እሷ ታወቀች።

ምክር ቤት ከገባ በኋላ ሥራው ቀላል ሆነለት። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። መቼ እንደሚወጣ የሚያውቀው ደግሞ ከፊቱ ከሚቀመጡት የፓርቲው ተጠሪ ክርን ነው። ተጠሪው ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ክርናቸው ከጠረጴዛው ሲነሳ የአጎቴም እጅ ይነሳል። አጀንዳ ማንበብ አያሻም፤ በአንድ ዓይን እስከሆነ ድረስ ማንቀላፋትም ይቻላል። ያን ሁሉ ዓመት ማይክ ነክቶ አያውቅም። የገበያው ሰው «ክቡር እደግፋለሁ» አለው፤ እሱም ቅጽል ስሙን ሳይወደው አልቀረም።

ጃንጥላዎች ገበያውን ከከተማ ውጪ ወዳለ ሜዳ አዛውረው ቦታውን መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ሲነሱ ግን አጎቴ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «ልክ አይደለም» አለ። ያለው ስብሰባ ላይ አይደለም፤ መጸዳጃ ቤት በር ላይ፣ ለተጠሪው ነው። ተጠሪው ትከሻውን መታ አድርገውት እየሳቁ አለፉ። በሳምንቱ አጎቴ መሰላል ሆነ።

የእናቴን ሱቅ ሊያድን ብሎ ነው። እሷ ግን ቤታችን ሲመጣ ቆማ ጠበቀችው።

«እኔ በሰው በር ቆሜ የሰደብኳቸው ሰዎች ዘንድ ገባህ?»

«እትዬ፣ ሱቅሽን ሊያፈርሱት ነው እኮ።»

«ሱቅ ቢፈርስ ይሠራል። እኔ አሁን በምን ፊቴ ነው ገበያ የምቆመው?»

ከዚያ ወዲያ አኮረፈችው። ቤታችን ሲመጣ ምሳ ታቀርብለታለች፤ አጠገቡ ተቀምጣ ግን «አጎትሽን ይጨመርለት እንደሆነ ጠይቂው» ትለኛለች። እሱም ለኔ ይመልሳል። ሁለቱም ያሳዝኑኝ ነበር፤ መላላኩም ሰለቸኝ።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን እናቴ «ለሱ ብዬ አይደለም፣ ለሱቄ ነው» ብላ ይዛኝ ሄደች፤ ፎቅ ላይ ካለው የእንግዶች መቀመጫ ሆነን አየን። የሁለቱ ወገን ቁጥር ስለተቀራረበ ነገሩ ያለው በአጎቴ እጅ ነበር። ዛሬ ከመሰላሎች ጋር በወዲያኛው ረድፍ ተቀምጧል። ክፋቱ፣ ድሮ ከጀርባ የሚያያቸው ተጠሪ አሁን ፊት ለፊቱ ናቸው።

አፈ ጉባኤዋ «ገበያው እንዲዛወር የምትደግፉ» አሉ። የተጠሪው ክርን ተነሳ። የአጎቴም እጅ ተነሳ።

ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ የዘወትር ሥራውን የሚሠራ ሰው ፊት ነው። ተቆጠረ፤ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አጎቴ አጠገቡ የተቀመጡት መሰላሎች ሲያፈጡበት ቀና ብሎ እጁን አየው፣ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው ደንግጦ አወረደው። ተጠሪው በፈገግታ ጠቀሱት። ዝም ቢል ኖሮ ከተማው ሁሉ «ተደራድሮ ነው፣ ብልጥ ነው» ይለው ነበር። ብልጥ መባል ደግሞ ለፖለቲከኛ ስድብ አይደለም።

አጎቴ ግን ማይኩን ሳበ።

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ እኔ አልደገፍኩም። እጄ ለምዶበት ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አፈ ጉባኤዋም ሳቃቸውን እየዋጡ «ሐሳብዎን ቀየሩ ማለት ነው?» አሉት።

«አልቀየርኩም። እስካሁን ሳላስብ ነበር የማወጣው። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።»

ላቡ ከግንባሩ ሲወርድ ከላይ ሆነን ይታየን ነበር። እናቴ አልሳቀችም፤ አለቀሰች። እንደገና ተቆጠረ፣ ገበያውም ባለበት ቀረ።

እጁ ለምዶበት ድምፅ የሚሰጥ ሰው ማን ይመርጣል? በቀጣዩ ምርጫ እንደሚሸነፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ተሸነፈም። ዛሬ ወደ መቀሱ ተመልሶ ደንበኞቹን ልክ ናችሁ ይላል። ከምርጫው በፊት ግን እናቴ እንደገና ሱቋን ቆልፋ፣ እኔን አስከትላ ያንኑ ሠፈር በር ለበር ዞረች። የመጀመሪያውን በር የከፈተችው ሴትዮ ገና ስታያት ሳቀች።

«ባለፈው መሰላሎች ሌቦች ናቸው ብለሽኝ አልነበር?»

«ብያለሁ» አለች እናቴ። ፊቷ ቀላ፤ ሆኖም ከበሩ አልሸሸችም። «ተሳስቼ ነው። ወንድሜ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተሳሳትኩ ካለ፣ እኔ በአንቺ በር ላይ ማለት ያቅተኛል?»