ከአክስቴ ጆሮ ሰባ ሳንቲሜትር

አክስቴ እኔም የምሰፋበት ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ለእኔ ስትል ሊያገቧት የጠየቁ ሁለት ሰዎችን መልሳለች። ወሬ ግን መልሳ አታውቅም። ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ወትፋ፣ እየቆረጠች ግማሽ ቀን ታወራ ነበር።

አንድ ቀን ስለ ወገብ ሕመም ሊያስተምረን የመጣ የጤና ባለሙያ አያት።

«እትዬ፣ ሞባይል የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል» አላት። «ጉዳት ማድረሱ እስካሁን በውል አልተረጋገጠም። ግን እንደርስዎ ብዙ የሚያወራ ሰው ከራሱ ራቅ ቢያደርገው አይከፋም። ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ስልኩ ጉልበት ይጨምራል፤ ያኔ ባያወሩ ይሻላል።»

አክስቴ ነገር በልክ አታውቅም። እዚያው ሜትሯን አውጥታ ሰባ ሳንቲሜትር ለካች፤ ጠረጴዛዋን ኔትወርክ ወዳለበት መስኮት አስጎትታ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ የአጎቴን የኩላሊት ጠጠር፣ የጎረቤታችንን ፍቺ፣ አሥራ አንዳችንም የስፌት ቤቱ ሠራተኞች እኩል እናውቃለን። ሥራችንን እንዲህ ወደነው አናውቅም።

ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አንድ ዓይን አፋር በያጅ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተቀደደ ሱሪ ያመጣል፤ አክስቴ ስለ ስልክ አያያዝ ትመክረዋለች፤ እሱ አንገቱን ነቅንቆ ይሄዳል። እሱ የመጣ ቀን መቀሷ መስመር ይስታል።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ስልኳ ጮኸ። በያጁ ነው።

«ሰው አጠገብሽ አለ? ካለ ልተወው። ሁለተኛ አልደፍርም።»

አክስቴ ዞራ አየችን። የሁላችንም እግር ከፔዳሉ ተነስቷል።

«ብቻዬን ነኝ» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

አንዲት ሳቅ ካመለጠችን ሦስቱ ዓመት ገደል ገባ። ቁልፍ ተካይዋ አፏ ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ጠቀጠቀች።

«ሱሪዬ እኮ... በራሱ ተቀዶ አያውቅም» አለ። «እኔ ነኝ በምላጭ የምቀድደው።»

እኔ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ።

«እና... አብረን ብንኖርስ?»

አክስቴ መቀሷን አስቀመጠች። እንባዋ የቆረጠችው እጅጌ ላይ ይንጠባጠባል። እኔም ሳቄን ትቼ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሺ በይው እያልኩ በልቤ፣ ቀሚሷን ጎተትኩ።

«እሺ» አለች በመጨረሻ።

ስልኩ በጩኸት ተናወጠ። መዶሻ ብረት ይደበድባል፣ ፉጨት ይቀልጣል፣ አንድ ጋራዥ ሰው በሙሉ «እንኳን ደስ ያለህ!» ይላል። ለካ ምክሯን ሰምቶ እሱም ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ከጆሮው አርቆታል።

«አንተ! ብቻህን አይደለህም እንዴ?»

«አልጠየቅሽኝማ!»