የወንድሜን መታወቂያ ፍለጋ ወደ በርበሬው እርሻ

ፍኖተ ሰላም፣ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል

ታኅሣሥ ነው፤ ጧቱ ይበርዳል። ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወደ ቡሬ የተነሣሁት የወንድሜን የይበልጣልን መታወቂያ ለማምጣት ነው። ይበልጣል ታላቄ ነበር። ከቡሬ በታች ቆላ ወደሚገኝ የበርበሬ እርሻ ለለቀማ ወርዶ ጥቅምት ላይ በወባ ሞተ። ሬሳው በቀበሌ ደብዳቤ መጣ፤ መታወቂያው ግን እዚያው ቀረ። ካደገ በኋላ የተነሣው ፎቶ እሱ ላይ ያለው ብቻ ነው። እናቴ "ፊቱን ልየው" ትላለች። ሌላ ነገር አትጠይቅም።

ብቻዬን አልሄድኩም። የዚያን እርሻ በርበሬ ፈጭቶ የሚያሽግ ድርጅት ከተማችን ውስጥ አለ። ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው። በዚያው ሰሞን የውጭ ገዢዎቻቸው "ለቃሚዎቹ ሲፈልጉ ሥራውን ትተው መሄድ ይችላሉ? ተገዶ የሚሠራ የለም?" ብለው ጠይቀዋቸው ኖሯል። ይህን ሊያጣሩ የሚሄዱት የግዢ ክፍሏ እትዬ የሺ "አብረን እንሂድ" አሉኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ገጽ ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነበር። ከየጥያቄው አጠገብ "አዎ" እና "አይ" የሚል ሳጥን አለ።

"አንተነህ፣ እኔ ስለ በርበሬው ቀለም እጠይቃለሁ፣ ስለ እርጥበቱ እጠይቃለሁ" አሉኝ ማንኩሳን ስናልፍ። "ማን ለቀመው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።"

ግራና ቀኝ የጤፍ ክምር ነው። ፊቴን ወደ እሱ አዞርኩ።

ቡሬ፣ ሦስት ሰዓት

ጾም ስለሆነ ሻይና ፓስቲ ቀመስን፤ አንዱ ፓስቲ ሃያ ብር። ከዚያ በነቀምት መንገድ ቁልቁል የሚወስደን ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ ወሬኛ ነው።

"በርበሬ ልትገዙ ነው? እንግዲያ መሃረብ ያዙ። ባለፈው አንድ ነጋዴ ሲያስነጥስ ሰው ሠራሽ ጥርሱን በርበሬው ውስጥ ጥሎ ግማሽ ቀን ፈልገንለታል።"

እትዬ የሺ ሳቁ። እኔ ሌላ ነገር ማወቅ ፈልጌ ነበር።

"ከታች የታመመ ሰው ታመጣለህ?"

"መታወቂያ ካለው። ከሌለው ኬላው ላይ እኔንም አብረው ያቆሙኛል።"

ኬላው ጋ ስንደርስ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየን። ገመዱ ወረደ፤ አለፍን። ለእኔ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

እርሻው፣ አምስት ሰዓት

ከመንገዱ ወርደን ጥቂት በእግር ሄድን። በርበሬው አውድማው ላይ ተሰጥቷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ቀይ ምንጣፍ ይመስላል። ለቃሚዎቹ አፋቸውን በጨርቅ አስረዋል። ዓይናቸው እንዳይቃጠል ላባቸውን የሚጠርጉት በክንዳቸው ነው። ይበልጣልም እንዲህ ይጠርግ እንደሆነ አሰብኩ።

ሠራተኞቹን ከደጋ የሚያመጡት ካቦ ጋሽ አያሌው ሲያዩኝ አለቀሱ። የኛው አገር ሰው ናቸው፣ የቋሪት። ለቅሶም ደርሰዋል። ሠራተኛ ሲያመጡ ቤተሰቡ "አደራ" ይላቸዋል፤ እሳቸውም የእያንዳንዱን መታወቂያ ተቀብለው በብስኩት ጣሳ ውስጥ ይቆልፉበታል። ልማዱ ነው።

እዚህ ላይ መጻፍ ያቅተኛል። ይበልጣል ሲሄድ "ልስጣቸው ወይስ ልያዘው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ የተማርኩት እኔ ነኝ ብሎ። "ስጣቸው፤ አንተ ዕቃ ትጥላለህ" አልኩት።

እትዬ የሺ ለቃሚዎቹን ሰብስበው ጠየቁ።

"መታወቂያችሁን ተገዳችሁ ነው የሰጣችሁት?"

ጥሩዬ የምትባል ለቃሚ ሳቀች። "ኧረ እናንተየ! ማን አስገድዶን? አደራ ነው እንጂ። እኔ ጋ ቢሆን በርበሬው ውስጥ ጥዬው እናንተው ትፈጩት ነበር።"

ሁሉም ሳቁ። እትዬ የሺ "በፈቃዳቸው ነው?" ለሚለው "አዎ" ላይ ምልክት ሊያደርጉ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

"እትዬ፣ እኔ ልጠይቅ?" አልኩ። ወደ ጥሩዬ ዞርኩ። "ዛሬ መልሱልኝ ብትዪ ይሰጡሻል?"

ሳቁ ቆመ። ጥሩዬ ጋሽ አያሌውን አየቻቸው።

"ለቀማው ሳያልቅ አይጠየቅም" አለች ቀስ ብላ። "ልትጠፋ ነው ይባላል። ነውር ነው።"

"ልጄ" አሉ ጋሽ አያሌው፣ "መሐል ላይ ብሰጣቸው ግማሾቹ ለገና አገራቸው ይገባሉ። በርበሬው ተክሉ ላይ ይቀራል። ባለ እርሻውም ያዝልኝ የሚለው ለዚሁ ነው።"

"እንግዲያ ይኸ አደራ አይደለም፤ መያዣ ነው" አሉ እትዬ የሺ።

"ይበልጣል ሲታመምስ?" አልኩ።

ጋሽ አያሌው መሬት መሬቱን አዩ። "ሰው ላመጣ ደጋ ወጥቼ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።"

ባልደረቦቹ ያለ መታወቂያ ኬላ አያሳልፉትም ብለው እሳቸውን ሲጠብቁ ሦስት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

እትዬ የሺ ወረቀቱን አጣጠፉ። "ጋሽ አያሌው፣ እርስዎን ብቻ ልወቅስ አልችልም፤ እኛም ስንት ዓመት ስንገዛ አልጠየቅንም። ዛሬ ካልተመለሰላቸው ግን ይኸን በርበሬ አልጭንም።" ይህንኑ ለባለ እርሻው ደውለው ነገሩት። የሰውየው ጩኸት እኛ ድረስ ተሰማ። ቆይቶ ዝቅ አለና ይመለስላቸው አለ።

ጣሳው ተከፈተ። ጋሽ አያሌው ማንበብ ስለማይችሉ ስም የምጠራው እኔ ሆንኩ። አንድ በአንድ እየመጡ ወሰዱ። ጥሩዬ የራሷን ፎቶ አይታ "እንዲህ ቆንጆ ነበርኩ? እናንተ፣ ይኸ ቆላ ጨርሶኛል!" አለች።

ከሥር አንድ ቀረ። ስሙን አልጠራሁም። ጋሽ አያሌው በሁለት እጃቸው አንሥተው ሰጡኝ።

መልስ

ኬላው ላይ ተቆጣጣሪው እጁን ዘረጋ። ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ።

"ይበልጣል?" አለ።

የማንን እንደሰጠሁት ያን ጊዜ ገባኝ።

"እለፍ" ብሎ መለሰልኝ።

ባጃጁ ሽቅብ ወጣ። ወንድሜ ኬላውን አለፈ፤ ሁለት ወር ዘግይቶ።

ፍኖተ ሰላም ስንለያይ እትዬ የሺ ወረቀታቸውን አሳዩኝ። ከጥያቄዎቹ ሥር በእጃቸው አንድ ጨምረዋል፦ "መታወቂያህን ዛሬ ብትጠይቅ ዛሬ ይሰጥሃል?" በርበሬ የሚገዙበት እርሻ ሁሉ ይህን እንደሚጠየቅ፣ መታወቂያም ከሠራተኛው እጅ እንዳይወጣ ለድርጅቱ እንደሚናገሩ ነገሩኝ። እኔም ከመንገዱ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ሰው በፈቃዱ መስጠቱን ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ ሲፈልግ መልሶ መውሰድ መቻሉን መጠየቅ ያስፈልጋል። ለወንድሜ ያልጠየቅሁለት ይህን ነበር።

ቤት የደረስኩት ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። እናቴ መታወቂያውን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ ብዙ አየችው።

"ኮቱ ያንተ ነው" አለች።

"ለፎቶ አውሼው ነበር።"

ስጠው ያልኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት። መታወቂያውን በነጠላዋ ጫፍ ልትቋጥረው ጀመረችና ተወችው። ወደ እኔ ዘረጋችው።

"አንተ ያዘው" አለች። "በጠየቅሁህ ጊዜ ግን ስጠኝ።"