ራዲዮ ስጨምር ያጠፋሁት ድምፅ

ይህን ነገር ሚስቴ አታውቀውም። እናቴም ሳታውቀው አረፈች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአፌ አልወጣም፤ አሁንም ቢሆን ከአፌ አልወጣም፣ እየጻፍኩት ነው። መናገር የቻለ ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል? እናንተ የምታነቡት ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ስለማላውቃችሁም ነው የምነግራችሁ። ስሜን ብቻ አትጠይቁኝ፣ ሌላውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።

የአንዲት ሴት እናት ድምፅ አጠፋሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ማጥፋቱን በስሕተት አጠፋሁት፤ ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ግን በስሕተት አላደረግኩትም። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፣ አለበለዚያ ወሬውን እያሳመርኩ እወስድና መጨረሻ ላይ የማሳዝን ሰው ሆኜ እገኛለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

በዚያን ጊዜ በአፉላ ከተማ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ ከቁም ሳጥን ብዙም የማትሰፋ ሱቅ ነበረችኝ። ስልክ እጠግናለሁ፣ የተበጠሰ የጆሮ ማዳመጫ እበይዳለሁ፣ ቻርጀር እሸጣለሁ። ወታደሩም ተማሪውም አውቶቡሱ እስኪመጣ እኔ ጋ ይቆማል። የእኛ ሰዎች ደግሞ የተሰበረ ዕቃቸውን ይዘው ከላይኛው ሰፈር ከአፉላ ኢሊት ቁልቁል ይወርዱልኝ ነበር። «የእኛ ልጅ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው» ይላሉ። አባቴ ጎንደር ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ እዚያ «ባለ እጅ» ማለት ስድብ ነው፣ ቡዳ እንደማለት። እዚህ መጥቼ በዚያው በእጄ ስመሰገን ደስ ይለኝ ነበር። ከሚገባው በላይ ደስ ይለኝ ነበር። በሽታዬ ከዚህ ሳይጀምር አይቀርም።

እትዬ ብርቄ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ሲያጥቡና ሲያለብሱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጣቶቻቸው በዚያ ሥራ ደርቀው ቀርተዋል። እሳቸው ሲመጡ እናታቸው እዚያው ቀሩ። ከዓመታት በኋላ እናትየው በሰው እጅ አንድ ካሴት ላኩ። ያን ጊዜ መጻፍ የማይችል ሰው ሁሉ ድምፁን ቀርፆ ነበር የሚልከው። ካሴቱ ደረሰ፣ እናትየው ግን እዚህ ሳይደርሱ ሞቱ።

በካሴቱ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይናገራሉ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ፣ የትኛዋ ላም እንደነጠፈች ይናገራሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ዘር ይቆጥራሉ። እኛ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ በመካከል ዝምድና ከተገኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እናትየው ልጃቸው በማያውቁት አገር የልጅ ልጆቿን ከዘመድ ጋር እንዳታጋባ ሰግተው፣ በአባትም በእናትም በኩል ሰባቱንም ቤት አንድ በአንድ እየጠሩ ላኩላት። መጨረሻ ላይ ይመርቃሉ፤ ምርቃቱ መሐል ሳል ይይዛቸዋል፣ ይቅርታ ብለው ደግሞ ከመጀመሪያው ይመርቃሉ። ይህን ሁሉ እንዴት አወቅህ ብትሉኝ እትዬ ብርቄ አንድ ቀን አስደምጠውኛል። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ያጠፋሁትን አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም።

የእህታቸው ልጅ ሰሎሞን ሐይፋ ሲማር፣ ካሴቱ አርጅቶ ማለቁን አይቶ ድምፁን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠው። ከኮምፒውተሩ ደግሞ በአንዲት ትንሽ ሙዚቃ ማጫወቻ ላይ ጭኖ ለአክስቱ ሰጣቸው። ካሴቱ ከዚያ በኋላ ቤት ሲቀይሩ ጠፋ። ማንም አልፈለገውም፣ ድምፁ በማጫወቻዋ ላይ አለ ተብሎ።

አንድ ቀን እትዬ ብርቄ ማጫወቻዋን በመሐረብ ጠቅልለው ሱቄ መጡ።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር ራዲዮ የላትም አሉኝ። የአማርኛውን ፕሮግራም ስሰማ ሌላ ሳጥን፣ እምዬን ስሰማ ሌላ ሳጥን፣ ደከመኝ እኮ። ደግሞ ይኼ ፊቷ ላይ ያለው መክፈቻ ክቡ ነገር ለጣቴ እንቢ አለኝ። እንደ ቴሌቪዥኑ ሽለት አይገኝላትም?»

ሽለት ያሉት በዕብራይስጡ ሪሞቱን ነው። «ይገኝላታል እትዬ፣ ለእኔ ይተዉት» አልኩ። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ማጫወቻ የሚሸጥ ተጨማሪ ዕቃ ነበር፤ በሽቦ ከማጫወቻው ሥር ይሰካል፣ በመቆንጠጫ ደረት ላይ ይያዛል፣ ውስጡ ራዲዮ አለው፣ ላዩ ላይ ማስጀመሪያና ማቆሚያ ቁልፎች አሉት። አስመጣሁላቸው። ቁልፎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ ከጎማ ትልልቅ አድርጌ ቆርጬ ለጠፍኩባቸው። የራዲዮውን ቁልፍ በሚስቴ የጥፍር ቀለም ቀይ ቀባሁት፣ የእናታቸውን ጥቁር እንደሆነ ተውኩት። እንዲህ ያለ ነገር የማስብ ሰው ነበርኩ። የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም፤ እጄ ያን ያህል ሲጠነቀቅ ልቤ የት ሄዶ ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ ስለሚገርመኝ ነው።

ዕቃውን ስሰካው ማጫወቻው አላወቀውም፤ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር አሮጌ ነበር። እሱን ለማደስ ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁት። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ይህ ማጫወቻ የሌላ ኮምፒውተር ነው፤ ከቀጠልክ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ትቀጥላለህ ወይስ ትተዋለህ? አለኝ። እንግሊዝኛዬ ለዚያ ይበቃ ነበር። አነበብኩት። አንድ ወታደር ቻርጀር ይዞ ቆሞ አውቶቡሱ ሊያመልጠው መሆኑን ይነግረኛል። ታዲያ ወታደሩ ነው ያጣደፈኝ ልበል? ምን አደረገኝ ያ ልጅ? እቀጥላለሁ የሚለውን የተጫንኩት እኔ ነኝ። አንብቤ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ለወታደሩም ቻርጀሩን ሰጠሁት፣ አውቶቡሱም አላመለጠውም።

ራዲዮው እንደ ጉድ ሠራ። ቀዩን ስጫነው ጥርት ያለ የዜና ድምፅ መጣ፣ በራሴ ኮራሁ። ከዚያ ጥቁሩን ተጫንኩ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ። ዝርዝሩን ከፍቼ አየሁ፣ ባዶ ነው። ያን ሰዓት ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስልክ ማንሳት። የሰሎሞን ቁጥር ነበረኝ። «ድምፁ ከአንተ ጋ አለ ወይ?» ማለት ስንት ቃል ነው? ለምን አላልኩም? በዚህ ሁሉ ዓመት ሳስበው ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፤ አፈርኩ። ያ እጁ ወርቅ ነው የሚሉት ስም እንዳይቀርብኝ ሳሳሁ። ለዚህ ነው።

በማግሥቱ እትዬ ብርቄ መጡ። ቀዩን አሳየኋቸው፣ ተጫኑት፣ አማርኛው ሲናገር እንደ ልጅ ሳቁ። እጄን ይዘው ሳሙት። እጄን! እኔም ዝም ብዬ አስሳምኩ። ጥቁሩን እዚያ አልሞከሩትም፤ እናታቸውን ቤታቸው ገብተው፣ በራቸውን ዘግተው ነው የሚሰሟቸው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ሱቄ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ እምዬ ጠፋችብኝ» አሉ።

ተቀብያቸው የምመረምር መሰልኩ። ገለበጥኩት፣ በመብራት አየሁት፣ ሽቦውን ነቅዬ ሰካሁት። የማደርገው ሁሉ ቲያትር ነበር። ከዚያ ይህን አልኩ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ቀዩን ካፍቶር ረጅም ጊዜ ተጭነውት ይሆናል እትዬ። ብዙ ከተጫኑት ያለውን ያጠፋል።»

ውሸት ነው። ያ ካፍቶር ያልኩት ቁልፍ ራዲዮ ከመክፈት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። እትዬ ብርቄ አውራ ጣታቸውን አነሡና ገልብጠው አዩት። «በዚች?» አሉ። ደግሞም «እኔው ነኛ» አሉ። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ እውነቱን እናገር ነበር ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን አጽናናሁ። አልናገርም ነበር።

«ለሰሎሞን እንዳትነግርብኝ» አሉኝ ሲሄዱ። «ስንት ለፍቶ የሠራልኝን። አደራ።»

አደራውን ተቀበልኩ። ደስ እያለኝ ተቀበልኩ፤ ይህንንም ጻፉብኝ። በማጫወቻዋ ላይ እናትየው በነበሩበት ቦታ ዘፈን ሞላሁበትና በመሐረባቸው ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

ከዚያ በኋላ እትዬ ብርቄ ቁልፍ መጫን ተዉ። ራዲዮዋንም አልሰሟትም። ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ለሐኪም ወረፋ ሲይዙ ቁጥር የምትሰጠውን ማሽን ሰው ይጫንላቸዋል። ሕንጻ ውስጥ ሲገቡ ማዓሊት የሚሉት ሊፍት ፊት ቆመው፣ የሚወጣ ሰው መጥቶ እስኪጫንላቸው ይጠብቃሉ። በሰፈሩ ተሳቀባቸው፣ እትዬ ብርቄ ሊፍት ፈሩ ተባለ። እኔም ከሳቂዎቹ ጋር ሳቅኩ።

አራት ዓመት አለፈ። የልጅ ልጃቸው ልታገባ ሆነና ሽማግሌዎች ዘር ሊቆጥሩ ከቤታቸው ተሰበሰቡ። እኔም እንደ ጎረቤት ተጠርቼ ሄድኩ። የሚያገባት ልጅ ቤተሰብ ከእሳቸው የትውልድ አገር አጠገብ የመጣ ነው፣ ስለዚህ በደንብ መቁጠር ያስፈልግ ነበር። እስከ አምስተኛው ቤት ሄዱና ስሙ ተምታታ። አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው፣ «ብርቄ፣ ያችን የእናትሽን ድምፅ አምጪያትና እሷ ትቁጠርልን» አሉ።

እትዬ ብርቄ ከተቀመጡበት ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «በገዛ እጄ አጥፍቻታለሁ። ካጠፋኋት አራት ዓመት ሆነኝ» አሉ።

ሰሎሞን ከጥግ ብድግ አለ። «ላማ ሎ አማርት ሊ? ለምን አልነገርሽኝም አክስቴ? እኔ ጋ ነበረ እኮ! አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ ነበረ። የጣልኩት አምና ነው!»

እኔ ጉርሻ አፌ ውስጥ ነበር። አላላመጥኩትም፣ አልተፋሁትም። እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው ተቀመጡና፣ «አፍሬህ ነው ልጄ» አሉት።

አሁን ቁጠሩልኝ። እኔ ባልዋሽ እሳቸው አያፍሩም። ባያፍሩ ለሰሎሞን ይነግሩት ነበር። ቢነግሩት እናትየው በአንድ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ከደረታቸው ላይ ይናገሩ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ድምፅ ሐይፋ ውስጥ ጠያቂ አጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ እዚያ መኖሩን ሊጠይቅ የሚገባው ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አጠፋኋቸው። የመጀመሪያውን በአንድ ጣት። ሁለተኛውን ቀን በቀን፣ ሱቄን እየከፈትኩና እየዘጋሁ፣ ለእትዬ ብርቄ «እንደምን ዋሉ» እያልኩ።

ጋብቻው አልፈረሰም። ኔታንያ ላሉ አንድ አዛውንት ተደውሎ የቀረው ስም ተገኘ። ሠርጉ ላይ ጨፈርኩ። ስሙ እንኳ ተገኘ ብዬ ልጽናና ሞክሬ ነበር፤ ስሙ ተገኘ፣ ያ ምርቃት ግን ከማን ይገኛል? ሳሉስ ከማን ይገኛል?

ከዚያ ዓመት ወዲህ የሆነውን መጻፍ ነው ከሁሉ የከበደኝ። በአስተሰርዮ፣ በኃጢአት ማስተሰረያው ጾማችን ዋዜማ ሰው ሁሉ የበደለውን እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል። እትዬ ብርቄ ሽማግሌዎቹ ፊት ከተናገሩበት ዓመት ጀምሮ፣ በየዓመቱ፣ በዚያ ቀን ከምሳ በፊት ወደ ቤቴ ይመጣሉ። አይቀመጡም። «አንተ ለፍተህ ራዲዮ ጨመርክልኝ፣ ሽለት ሠራህልኝ፤ እኔ በጄ አበላሸሁት፣ እምዬንም አጠፋሁ። ይቅር በለኝ ልጄ» ይሉኛል። እኔም ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ «ይቅር ብያለሁ እትዬ፣ ይቅር ይበለን» እላለሁ። አሥራ አራት ጊዜ ይቅር ብያቸዋለሁ። አሥራ አራቱንም ጊዜ ዘንድሮ እናገራለሁ ብዬ ነበር የጠበቅኳቸው።

ሱቋ ከተዘጋች ቆየች። አሁን መጋዘን ውስጥ ዕቃ አነሣለሁ፣ ጀርባዬን ያመኛል፣ ቤት ስገባ ከማንም ጋር ማውራት አልፈልግም። ሚስቴ እርጅና ነው ትለኛለች። ዘንድሮ እትዬ ብርቄ በከዘራ መጡ። ደረጃውን ሲወጡ ትንፋሻቸው ከበር ውጭ ይሰማ ነበር። ያንኑ አሉ፣ ያንኑ መለስኩ። ሲሄዱ ሚስቴ በሩን ዘጋችና፣ «እኒህ ሴትዮ በየዓመቱ ምን በድለውህ ነው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኩ። በዚህ ነገር ከአፌ የወጣ እውነት እሱ ብቻ ነው።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም፣ ይቅር ብትሉኝም አይያዝልኝም። ወጣት ነበርኩ አልልም። ደንግጬ ነበር አልልም። እትዬ ብርቄ በሕይወት አሉ። ጆሯቸው ይሰማል፣ ልባቸው ንቁ ነው። ቤታቸው ከእኔ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ይህን ጽፌ ለመጨረስ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።