«ደህና ናት» የሚሉኝ ነገር

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ወደ ስዊድን ልሄድ በዋዜማው ማታ፣ ኮልፌ ቤታችን በዘመድ ተጨናንቆ ሳለ፣ እናቴ ታላቅ ወንድሜን ግርማን ጓዳ ወስዳ ስታስምለው ሰማኋት።

«አንድ ነገር ብሆን እንዳትነግራት። ትምህርቷን ሳትጨርስ መርዶ አይድረሳት።»

ማለላት። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ተሳፈርኩ። ወይ ጉዴ፣ ያንን መሐላ ይዤ ነው ስዊድን የገባሁት።

ነርስነት እየተማርኩ በሁለተኛው ክረምት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ክረምት ስላችሁ የኛ ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ እዚህ ፀሐይዋ ራሷ ትጠፋለች። ግርማ በስልክ «ደህና ናት» ባለኝ ቁጥር ልቤ ይሸበራል። ብትሞትስ ምን ሊለኝ ኖሯል? ያው «ደህና ናት» ነው። ያ ጨው የለሽ ድንቻቸውም አልወርድ አለኝ። በመጨረሻ ሆስፒታል አስተኙኝ፤ ለግርማ ግን አልነገርኩትም።

የዚህ አገር ሰው ጭንቀትን በወሬ ነው የሚያክመው፣ እመኑኝ። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽማግሌ ሐኪም ሶፋ ላይ አጋድሞኝ ከራስጌዬ ተቀመጠ። ስለ ልጅነቴ አወራሁ፤ ዝም። አለቀስኩ፤ ዝም። የንስሐ አባት እንኳ መጨረሻ ላይ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይላል። ጭራሽ ባሰብኝ።

ቀጥሎ ክብ ሠርተው ከሚያወሩ ሕመምተኞች ጋር ቀላቀሉኝ። አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ መሀረብ ታቀብላለች፤ ሬሳ የሌለው ለቅሶ በሉት። እሱስ ረድቶኛል፣ ምን እዋሻለሁ፤ በዚያ ሰሞን ተኛሁ። ፍርሃቱ ግን ከሥሩ አልተነቀለም።

ሦስተኛ የደረሰችኝ ቆፍጣና ወጣት ሐኪም ናት።

«እናትሽ ለመሞቷ ምን ማስረጃ አለሽ?»

«ሁሉም ደህና ናት ይሉኛል።»

«እሱማ ደህና ለመሆኗ ማስረጃ ነው።»

«እኛ አገር አይደለም።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ እንደማይነገር፣ ዘመድ ተሰባስቦ በማለዳ በር እንደሚያንኳኳ አስረዳኋት። እዚህ ማን ያንኳኳልኛል?

«እንግዲያው ደውዪና ድምጿን ስሚ» ብላ የቢሮዋን ስልክ ሰጠችኝ። ከሁሉም የሚሻለው ሕክምና ይኼ ነው አልኩ በልቤ።

ስልኩ ያለው ግርማ ሱቅ ነው፤ ቤታችን ደግሞ ከሱቁ ጀርባ።

«ግርምሽ፣ እማዬን ጥራልኝ።»

«ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሄዳለች።»

«በዚያ በሚያማት ጉልበቷ?»

ዝም አለ። ልክ እንደ ሽማግሌው ሐኪም።

«ተሽሏታል» አለኝ ቆይቶ። «የሷ ሐሳብ አንቺ ነሽ። ለመሆኑ ደህና ነሽ? ምን ልበላት?»

ሐኪሟ ፊቴን ታያለች። ግርማ የሚያየኝ ይመስል የሆስፒታሉን ፒጃማ በእጄ ሸፈንኩት።

«ደህና ናት በላት» አልኩት።