የፍልሰታ ኮክ

መጀመሪያ ያየሁት በጋቢያቸው ጫፍ ላይ የተጣበቀውን ደቃቅ የኮክ ጸጉር ነው። አያ ፈንታው ኮኩን አንድ በአንድ እየወለወሉ ነበር። ፍሬው ላይ ጠብታ ሙጫ ካዩ ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ቀልቶ እስኪያበራ ያሹታል።

1967 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ተማሪዎች ለዘመቻ ከላሊበላ ቁልቁል ባለች መንደር ሰፍረናል። አያ ፈንታው ከጓሯቸው አራት የኮክ ዛፍ አላቸው። የዓመቱ ፍሬ በፍልሰታ ሱባኤ ለያዙት ካህናት ሳይደርስ እሳቸውም ልጆቻቸውም አይቀምሱም። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ሌላ ማዕረግ የላቸውም፤ በአገሩ ክብራቸው ኮኩን ለካህናቱ የሚያቀርቡበት እንቅብ ነው።

ያን ቀን ቅዳሴ ወጥቶ ካህናቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ኮኩን ሲቀምሱ ለእኔም አንድ ሰጡኝ። ስገምጠው ነጭ ትል ወጣ። እግር የለው፣ ራስ የለው፤ አንድ ጫፉ ሹል፣ አንዱ ዱልዱም። መዳፌ ላይ እንደ ቀለበት ተጠማዘዘና ዘለለ። በመጽሐፍ ሥዕሉን ብቻ ነበር የማውቀው፤ ደስታዬ አሳወረኝ።

"የፍራፍሬ ዝንብ እጭ ነው። ሌላው ትል እንዲህ አይዘልም፤ እዩት" እያልኩ በካህናቱ ፊት አምስት ኮክ ሰነጠቅሁ። አራቱ ውስጥ አለ።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል የጎረሱትን መዳፋቸው ላይ ተፉት።

ለካህናቱ ማስታጠቢያ ውኃ ይዛ የቆመችው የመንደሩ ልጅ ማሚቱ ሳቀች። "አያ ፈንታው፣ ለካ በፍልሰታ ሥጋ ሲያበሏቸው ኖሯል።"

"ዝም በይ አንቺ" አሉ ቄሱ። "ባለማወቅ ነው። ንስሐ እንገባለን።"

አያ ፈንታው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

በማግስቱ ገና ያልተወለወለ ኮክ በእንቅብ ይዘው ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ፣ ከውጭ የሚታወቅበት የለውም?"

"አለው። ዝንቧ እንቁላሏን ልትጥል የወጋችበት ቦታ ሙጫ ያወጣል።"

ሙጫውን ሊጠርግ የተነሣው እጃቸው ባለበት ቆመ። "እኔ ላሳምር ብዬ የምጠርገው?"

ቀትር ሳይሆን ከእኔ በለጡ። የመርፌ ጫፍ የምታህለውን ቀዳዳ በጣታቸው ዳስሰው ያገኟታል። ቡናማ ራስና እግር ያለውን፣ የማይዘለውን የእሳት ራት ትልም ለይተው አሳዩኝ። ከእንቅቡ ጥቂት ንጹሕ ፍሬ ቀረ።

"እነዚህን ይውሰዱላቸው" አልኩ።

"አንተ ታውቃለህ። እነሱ ሲጎርሱ ግን የሚታያቸው ትናንት ነው።"

ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር። አፌን ስከፍት ዝንቧ በስንት ቀን እንደምትፈለፈል መናገር ጀመርኩ። አንገታቸውን ደፍተው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ንጹሑን ኮክ ደጃፌ ላይ አስቀምጠው፣ ባዶውን እንቅብ አንስተው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያልፈውን መንገድ ትተው በገደሉ በኩል ሄዱ።