ጫፉ የማይዋጋ ፊደል

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ለልጆች ልብስ ቤቷ ታፔላ ልታሠራ መጣች። «ወፍራም፣ ጫፉ የማይዋጋ ፊደል አድርጊልኝ» አለችኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጌ አወጣሁላት። ፊደሎቹ ድብልብል ብለው ስክሪኑን ሲሞሉት የዘይት ቀለም ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። እኛ ቤት በብሩሽ መጻፍ ከቀረ ግን ስንት ዘመኑ!

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የምንኖረውም ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ዳር። ታላቅ ወንድሜ ከአባባ ጋር ተጣልቶ፣ ሳይሰናበት ሐዋሳ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። አንድ ቀን በሰው እጅ ደብዳቤ ላከ። ፖስታው ላይ «ለአባቴ ብቻ» ይላል። የአባባ ዓይን ደግሞ ደክሟል፤ የወንድሜ ጽሑፍም ድቅቅ ያለ ነው። እናቴ ላንብብልህ ብትለው እምቢ ብሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ እያዘነበለ ሲታገል አየዋለሁ። ያላየሁ እመስላለሁ።

አንድ ቀን ለዓይኑ ጳውሎስ ሆስፒታል ወስጄው ነበር። መነጽር ከእንግዲህ ብዙ እንደማይረዳው ተነግሮን ስንመለስ አባባ ድንገት ቆመ። አንድ ታፔላ ጻፊ መሰላል ላይ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይጽፋል። ፊደሎቹ ሰማያዊ፣ እንደ ክንድ የወፈሩ፣ ጫፋቸው ሁሉ ክብ።

«መድኃኒት ቤት» ሲል አባባ ጮክ ብሎ አነበበ። ደግሞም ደገመው። ከዚያ ወደ ላይ አንጋጦ፣ «ልጄ፣ ደብዳቤ በዚህ ፊደል ይጻፋል?» አለ።

ጻፊው ብሩሹን ይዞ ወረደ። «ይጻፋል አባቴ፤ ወረቀት አይበቃውም እንጂ» አለው።

አባባ ለእኛ የከለከለውን ደብዳቤ ከኪሱ አውጥቶ ለማያውቀው ሰው ሰጠው። በጣም ከፋኝ። የገባኝ ኋላ ነው፤ ያ ሰው አይፈርድበትም፣ አያለቅስበትም።

በሦስተኛው ቀን ጻፊው በሲባጎ የታሰሩ ካርቶኖች ተሸክሞ ቤታችን መጣ። እናቴ ደብዳቤው ምን እንደሚል ዘወር አድርጋ ብትጠይቀው፣ ፊደሉን እንጂ ቃሉን አላየሁም አላት። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

አባባ ካርቶኖቹን ግቢው ውስጥ በአጥሩ ቆርቆሮ ላይ በተርታ አስደገፋቸው። ቀለሙ ገና ይሸታል። ከአንዱ ወደ አንዱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። እኛ እቤት ውስጥ ሆነን እንጠብቃለን። የመጨረሻው ጋ ሲደርስ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ብዙ ቆይቶ ጠራኝና፣ «ለወንድምሽ ደውዪለት። ይምጣ» አለኝ።

እሁድ መጣ። አባባ ከበርጩማው ተነስቶ፣ «እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙር» አለው። ወንድሜ ዞረ። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል። አባባ አንገቱን አስግጎ ብዙ ካየው በኋላ፣ «ወፍረሃል» አለው።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አዎ አባባ» አለ ወንድሜ፣ «ወፍሬያለሁ።»