ባለ አንድ ቀንድ ጥንዚዛ

ልጅ ሳለሁ ስሜ በተረት ውስጥ እንዲጠራ የነበረኝን ጉጉት ያህል ኋላ ለምንም ነገር አልጓጓሁም። በኬንያዋ ሞያሌ፣ ከእናቴ ሱቅ አጠገብ፣ ሰፈሩ ሁሉ በስዋሂሊኛ «ፉንዲ» የሚላቸው አንድ ሽማግሌ አናጺ ነበሩ። ያኔ መብራት በጠፋ ምሽት ኩራዝ ለኩሰው፣ ሙጫ በሚያሞቁበት ፍም ዙሪያ፣ እኛን የሰፈሩን ልጆች የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ያስቀምጡንና ተረት ያወሩልን ነበር። የተረቱ ጀግና ስም ከእኛ የአንዳችን ነው፤ የማን እንደሚሆን የሚወስነው ጥንዚዛ ነበር።

ጥንዚዛው ፉንዲ ከሚሠሩበት የግራር ግንድ ውስጥ የወጣ ነው፤ በጣሳ ያኖሩታል። ቀንዶቹ ከገላው እጥፍ ይረዝማሉ፤ ሲይዙት አንገቱን እያፋተገ ሲጥ ሲጥ ይላል። ዝም እስኪል ሳትጥለው በመዳፏ የያዘች ልጅ፣ የዚያ ምሽት ተረት በስሟ ይነገርላታል። እኔ ሁልጊዜ እጥለዋለሁ። የከብት ነጋዴው ልጅ ሳፊያ ግን እንደ ጫጩት አቅፋ ትይዘዋለች። ስለዚህ አንበሳውን ያታለለችው ሳፊያ፣ ጅቡን ያሳፈረችው ሳፊያ፣ የንጉሡን ልጅ ያገባችውም ሳፊያ ናት። እኔ የንጉሡ በቅሎ ብሆን እንኳ ቅር አይለኝም ነበር።

አንድ ቀን ፉንዲ ለምሳ ሲወጡ ጥንዚዛውን ከጣሳው አውጥቼ አንድ ቀንዱን ሰበርኩት። ሳላስበው ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ አስቤበት ነው። ዞር ስል ሳፊያ በሩ ላይ ቆማለች። እጄን አይታ ሄደች።

ሲመሽ ፉንዲ ጣሳውን ከፍተው በኩራዙ ብርሃን አገላብጠው አዩት።

«እናንተ ልጆች፣ ይሄን ምን አገኘው?»

«እኔ ነኝ ፉንዲ» አለች ሳፊያ። «ስጫወትበት ተሰበረ።»

ጥፋቴን እንኳ ወሰደችብኝ ብዬ ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር ስል ፉንዲ ቀደሙኝ፤ «በቃ፣ ጥንዚዛው ይረፍ። የዛሬው ተረት የሰናይት ነው» አሉ። ሰናይት እኔ ነኝ። እውነቱን ትቼ ወደ ፍሙ ጠጋ አልኩ።

ያን ያህል የጓጓሁለትን ተረት ዛሬ አላስታውሰውም፤ ዘንዶ ነበረበት መሰለኝ። የማስታውሰው ሳፊያን ነው። ጉልበቷን አቅፋ፣ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት፣ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጥ ነበር፤ ሰናይት ስታመልጥ ከሁላችንም በፊት ያጨበጨበችው እሷ ናት። በእሷ ተረቶች እኔ አንድም ቀን አጨብጭቤ አላውቅም።

ኋላ ስማር፣ ያ ቀንድ ያልነው ጥንዚዛው መንገዱን የሚያሸትበት እንደሆነ አነበብኩ፤ መጽሐፉንም ቶሎ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ስሜ ለመልካም ነገር ብዙ ጊዜ ተጠርቷል። የሌላው ሲጠራ ግን እጄ ዛሬም ለጭብጨባ የሚነሳው ዘግይቶ ነው፤ በሳፊያ የምቀናውም እስካሁን በዚያች ምሽት ጭብጨባዋ ነው።